በጎንደር ውኃ መሀል የቆሙ ቤቶች፤ ከአዘዞ እስከ ጎርጎራ

ውኃ መሀል ደሴት ሠርቶ መዝናናት የዱባይ ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከገንዳ ውሃ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ ግን ከተማው ሳይገባ፣ ገና አዘዞ ላይ፣ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ እንዲህ ያለ ቦታ አጠገብ ያልፋል። አብዛኛው አያውቀውም።

ቦታው ገነት ኢየሱስ ነው። አፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በዚያ ከቤተ ክርስቲያንና ከአትክልት ቦታ ጋር የውኃ ገንዳ አሠሩ፤ መሀሉ ላይ ደግሞ አረፍ የሚሉበት ቤት ቆመ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ያጠኑት ይህ ግቢ የንጉሡና የኢየሱሳውያን እንግዶቻቸው መናፈሻ ነበር። ያ ዘመን ደግሞ የሮማን ሃይማኖት በአዋጅ የመጣበት፣ ገበሬው የተነሳበት፣ ደም የፈሰሰበት ነው። ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ እዚያው ገነት ኢየሱስ ተቀበሩ። ገንዳው ግን እንደ ድሮው አልቆየም። ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ቅሪት ነው።

ልጃቸው አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ውኃ መሀል ቤት የማቆሙን ሐሳብ ግን አላስወጡትም!

በጎንደር፣ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ራቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ በኩል፣ በግንብ አጥር የተከበበ ሰፊ ገንዳ አለ። መሀሉ ላይ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት፣ ወደ ቤቱ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ። የጎንደር ሰው ሥራውን ለፋሲል ይሰጣል። ውኃው ከሥር የሚፈልቅ አይደለም፤ ከቀሃ በቦይ ይመጣል። ለጥምቀት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላ ይጎድላል። ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት ቤቱ በደረቅ ጉድጓድ መሀል የቆመ ግንብ ነው፤ ደሴት የሚሆነው ጥር ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የሚያየው ሰው የአጥሩን ድንጋይ አንቀው የያዙትን የዛፍ ሥሮች፣ ውኃው ላይ የተገለበጠውን ግንብ፣ በከተራ የሚወርዱትን ታቦታት አይረሳም። በማግሥቱ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባል። ቆላ ወርዶ የከረመውም፣ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰውም አብሮ ይገባል፤ ባለሥልጣኑ ቆሞ ያያል።

ቦታው ሁለት ስም አለው። አስጎብኚው «የፋሲል መዋኛ» ይላል፤ ምእመኑ «ባሕረ ጥምቀት» ይላል። የመጀመሪያው የንጉሥ መዝናኛ ነው፣ ሁለተኛው የሕዝብ ንብረት። ግንቡን ለዛሬ ያደረሰው ሁለተኛው ስም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦዩን በየዓመቱ የሚያስጠርግ፣ ገንዳው ካልሞላ የሚቆጣ ሕዝብ አለ።

ይህ ማለት ጥበቃው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በ2012 ጥምቀት፣ በዓሉ በዩኔስኮ በተመዘገበ በወሩ ገደማ፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ግንቡ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል፤ የዘመናችን ሥራ አንድ በዓል አላለፈም።

የመተማና የጎርጎራ መንገድ የሚለያየው አዘዞ ላይ ነው። በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጣና የወረደ ሰው ይህንኑ ታሪክ ደግሞ ያገኘዋል። ጎርጎራ የሱስንዮስ መቀመጫ ነበር፤ የኢየሱሳውያኑ አለቃ ጴድሮ ፓኤዝ በሐይቁ ዳር የድንጋይ ቤተ መንግሥት እንዳሠራላቸው ይታወቃል፤ እዚያው ጎርጎራ በ1622 ሞተ። የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ማርያም ግምብ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ሣር የለበሰችው ደብረ ሲና ማርያም ግን ከነሥዕሎቿ ቆማለች፤ ክዳኑ ሲያረጅ የሚያለብሳት ሰው አላት።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቶሮንቶ፣ የኦንታሪዮ መንግሥት ከከተማው ቁፋሮ የወጣ አፈር ሐይቅ ውስጥ አስደፍቶ፣ በሰው ሠራሽ ደሴቶች ላይ «ኦንታሪዮ ፕሌስ» የተባለ መዝናኛ በ1971 ከፈተ። የዓለም የመጀመሪያው ቋሚ አይማክስ ሲኒማ ያለው እዚያ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጁን ውኃ ያጫውትበት ነበር። ገቢው ቀነሰ ተብሎ በ2012 ተዘጋ። በኋላ አንዱ ደሴት ለግል የስፓ ኩባንያ በ95 ዓመት ኪራይ ተሰጠ፤ በ2024 ዛፎቹ ተቆረጡ። ነዋሪው ጮኸ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ውሉ ግን ቀድሞ ተፈርሟል።

አሁን ጎርጎራ ላይ አዲስ ነገር አለ። በነሐሴ 2012 «ገበታ ለሀገር» ሲጀመር ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ፤ ለእራቱ አንድ ሰው እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ተቀመጠ። ሪዞርቱ በ2016 ተመረቀ። ሥራው የሚያኮራ ነው፤ ለዘመናት የተረሳ ዳርቻ መንገድና መብራት ማየቱን የሚጠላ የደምቢያ ሰው አይኖርም። ነገር ግን በክልሉ ከ2015 ክረምት ወዲህ ጦርነት አለ፤ ጎብኚ እንደልቡ አይመጣም። እንቦጩም ሐይቁን አልለቀቀም።

እንግዳ በማይመጣበት ዓመት ይህን ቦታ ማን ይይዘዋል? የባሕር ዳር መርከብ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ ሲደርስ የኖረው ከነጫኙ፣ ከነገበያተኛው ነው። የእነዚህ መንገደኞች ልጆች በዳርቻው የሚዋኙበት ክፍል፣ የአካባቢው ሰው ያለ ክፍያ የሚገባበት ቀን፣ ለዓሣ አጥማጁ የሚቀር መውረጃ ቢኖር በቃል ሳይሆን በውል መጻፍ ያለበት አሁን ነው። ቶሮንቶ ላይ የተጻፈው ለ95 ዓመት ነው።