ወሎ በክፉ ዓመቶቹ ብቻ አይጠራ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። የተናገረው እንግሊዛዊው ማይክል በርክ፣ የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በባዕድ አገር «ከየት ነህ?» የተባለ ወሎዬ ብዙ ጊዜ የሚያየው የጠያቂውን ሀዘኔታ ነው። ሀዘኔታው ከልብ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ረሃቡም እውነት ነበር፤ ያለቀው ሕዝብ ወገኔ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን የዘመናት ታሪክ ያለው አገር በሁለት ክፉ ዓመቶቹ ብቻ መታወቁ ነው።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የወጣው ዘፈን በርዕሱ፣ እነዚህ ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ላሊበላ እኮ ያለው ወሎ ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብረው ይከበራሉ። ምእመኑ ከሩቅ አገር በባዶ እግሩ ተጉዞ ይደርሳል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው ቤዛ ኩሉ ይላሉ። ጠያቂዎቹ ገና ሳይጠይቁ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የቆየ መልስ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ማእከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ግድም ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ጊዜያቸው ከታወቀ ጥንታውያን የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ ነው። መቅደላም፣ ግሼንም፣ የአድዋን ጦርነት ያስከተለው ውል በሚያዝያ 1881 የተፈረመባት ውጫሌም ወሎ ናቸው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ አገር ለምን ተራበ? ብዙ ሰው «መሬቱ ደረቅ ነው» ብሎ ያልፋል። በለምለሙ የቦርከና ሸለቆ ያለፈ ሰው ይህን አይልም። በ1965 ዝናቡ ቀርቷል፤ የቆላው ማሽላ ደርቋል፤ የአፋሩ ከብት አልቋል። ሆኖም ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ወቅት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲከዳው የሚገዛበትም ገንዘብ አብሮ ጠፋ። ከብት አርቢው የከረመውን ከብቱን ገበያ ቢያወጣ፣ በሸጠበት የሚሸምተው እህል እፍኝ ሆነበት። መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ደበቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው እስኪያሳዩ፣ ቀጥሎም በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ዝም ተባለ። በመስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር የወሎ ገበሬ እንደገና በየመንገዱ እየወደቀ ነበር። ለዚህ ሁሉ መሬቱን መውቀስ ግፍ ነው።

የሚወዱንም ቢሆኑ ይሳሳቱብናል። «ወሎ ገራገሩ» ይሉናል፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖረው የዋህ ስለሆነ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር እምቢ ብለው ቃሉ በተባለው አገር ተነሱ፤ በአማርኛ የገጠሙት መንዙማም ዛሬ ድረስ ይዜማል። ደም ፈስሷል፣ ሰው ተሰዷል። የዛሬው ወሎዬ የተጠመቀውም፣ እምቢ ያለውም ልጅ ነው። ባንድ ቤት ሰይድና ገብረ ማርያም ወንድማማች የሆኑት ያን ሁሉ አልፈው ነው።

ከዚያ በኋላ አብሮ መኖር ሥርዓት ተበጀለት። ሰርግ ሲደገስ ሁለት ከብት ይታረዳል፤ የእስላሙን እስላም፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ይባርከዋል። ብረት ድስቱም ሳህኑም ለየብቻ ነው፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። ማንም የማንንም ሃይማኖት አያቃልልም፣ ማንም ከድግሱ አይቀርም። ወዳጃ የተባለው የእስላሞች ጸሎት ሲደረግ ክርስቲያኑ ጎረቤት ተቀምጦ «አሚን» ይላል፤ እስላሙ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ ያቀብላል። ይህ ጥንቃቄን፣ ትዕግሥትን፣ የሌላውን ሕግ ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል። የወሎ ልጅ የትኛው ወጥ የማን እንደሆነ የሚማረው ፊደል ሳይቆጥር ነው፤ ቢሳሳት የሚቆጣው የገዛ እናቱ ብቻ አይደለችም፣ የጎረቤትም እናት ናት።