የጠላት ብረት

ቀን ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ሒሳብ ስደምር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ቃል እደምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ምሽት ስለ አጎቴ ጋራዥ ግጥም ልጽፍ ተነሥቼ ድምሩ እንቢ አለኝ። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ... እነዚህ በአጎቴ አፍ እንደ ዳዊት ሲደገሙ እየሰማሁ ያደግሁባቸው ቃላት ናቸው። ወረቀት ላይ ሲሰለፉ ግን ሁሉም የጣልያን ሆነው አገኘኋቸው። የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝና ደነገጥሁ። ብዕሬን አስቀምጬ፣ ይህ ቋንቋ በየት በኩል ገባ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መልሱ ሩቅ አልነበረም። የገባው በደጃችን፣ በደሴ መንገድ ነው።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ወሩ ሚያዝያ ነው። የማይጨው ጦርነት አልፎ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሊገሰግስ ከ1,500 በላይ መኪና አሰለፈ። ጣልያኖች ይህን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወታደርና ጥይት የጫነው ብረት ቆላውን አልፎ ከጣርማበር ግርጌ ደረሰ። ከሸዋ ሮቢት ሜዳ እስከ ጣርማበር አናት ያለው ሽቅብ 2,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዝናብ ነበረ፤ ጭቃ ነበረ። ከሁሉም በላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ንደውት ነበር። ያ ሁሉ ሞተር ቆመ። ወታደሩ ድንጋይ እየተቀባበለ የተናደውን እስኪሞላ ድረስም «የብረት ፈቃድ» ገደል ጠርዝ ላይ ሲጠብቅ ዋለ፣ አደረ። በኋላ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ጣልያን የጣርማበርን ነገር ስላልረሳው፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ተራራውን በስቶ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አወጣ።

ይሁን እንጂ መኪና የመንገድ እስረኛ ነው፤ መንገድ ካለቀበት ያልቃል። በአንኮበርና በመንዝ ገደላገደል መኪና የማይደርስበት ሌላ አገር ነበረ። በኋላ ራስ የሆኑት አበበ አረጋይና ጓዶቻቸው 5 ዓመት ሙሉ የተዋጉት በዚያ አገር ነው። አያቴም በአንኮበር በኩል ከተከተሏቸው አንዱ ነበሩ። ለእርሳቸው የመኪና ድምፅ ማለት ሞት ከሩቅ ሲያጉረመርም ማለት ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ልክ በ5 ዓመቱ መሆኑ ነው። ፈቃዱ አለቀ፤ ብረቱ ቀረ።

የቀረውም ሁሉም አይደለም። እንግሊዞች ጣልያን ከተወው ተሽከርካሪና መሣሪያ ብዙውን የጦር ምርኮ ነው ብለው ከአገር አወጡት። ከተረፉት መካከል ስሟ በሹፌሮች አፍ የቆየችው «ትሬንታ ኳትሮ» ናት፤ ባለ 6 ሲሊንደሯ፣ በናፍጣ የምትሠራው ፊያት 634። ፋብሪካዋ ባሕር ማዶ ነው፤ ዓለም በጦርነት ላይ ስለሆነ መለዋወጫ የሚልክ የለም። ስለዚህ ሦስት የሞቱ መኪኖች ተፈታትተው ለአንዱ ነፍስ ይዘራበት ነበር። ወደ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ጣልያን መካኒኮች ከመኪናው ሥር ተንጋለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ በዚያ እጅ ላይ መፍቻ የሚያኖሩት የእኛ ልጆች ነበሩ። ያ ቋንቋ በመጽሐፍ አልመጣም፤ የመጣው «አቀብለኝ» በሚል ትእዛዝ ነው። ስሙን ያላወቀ ልጅ የተሳሳተ መፍቻ ያቀብላል፤ የተሳሳተ መፍቻ ያቀበለ ደግሞ ይሰደባል። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የነበረው ቃል በዚህ ሁኔታ ወደ አፍ ገባ።

አጎቴ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ከነበረ አንድ ጋራዥ ሲገቡ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። አያቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ጠላትን ያባረርሁት ልጄ የጠላትን ብረት ሲያሻሽ እንዲውል ነውን?» አሉ ይባላል። ሁለት ዓመት አላናገሯቸውም። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አያቴ ያን ሁሉ መንገድ አህያ እየነዱ ገበያ ይመላለሱ ነበር እንጂ መኪና ላይ አይወጡም።

አጎቴ ግን ብረቱን ተማሩት። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለሰውም ለሞተርም አይራራም። ማታ የራዲያተሩን ውኃ አፍስሶ ማደር፣ ጠዋት የሞቀ ውኃ መሙላት፣ ከዘይት ቋቱ ሥር ፍም አኑሮ ዘይቱ እስኪላላ መታገሥ ያስፈልጋል። የሚያፈስ ጓርኒሲዮን ከካርቶን ተቆርጦ ይተካል። የተሰበረ ባሌስትራ ከሌላ ሬሳ መኪና ይወጣለታል፤ ስባሪውም አይጣልም፣ ቀጥቃጭ ወስዶ ማረሻ ያወጣዋል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረው በእኛ ሠፈር በዚህ መልክ ሲፈጸም ኖሯል።

በአንድ ጥቅምት አያቴ ጠናባቸው። አጎቴ ነፍስ የዘሩባትን አንዲት አሮጌ ፊያት ይዘው፣ መንገድ ለመባል በማይበቃው መንገድ አንኮበር ድረስ ሄዱ። አያቴን ሰዎች አንሥተው ወደ ካቢናው ሲያስገቧቸው፣ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣

«ይህን ማን ሠራው?» አሉ።

አጎቴ ጥቂት ቆይተው፣ «እኔ ሠራሁት፣ አባባ» አሉ።

አያቴ ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲያስ ንዳው» አሉ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አጎቴ ግን ያቺን መልስ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመዋት ኖሩ። «አባቴን በመጨረሻው ሰዓት ዋሸሁት ይሆን?» ይሉኝ ነበር።

እርሳቸው በኋላ በወታደርነት ተቀጥረው የጦር ሠራዊቱን ከባድ መኪኖች ሲጠግኑ ኖሩ። ከ1945 ዓ.ም. የጦር ስምምነት ወዲህ የሚመጣው ብረት የአሜሪካ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጅና ጠላት ቦታ ተለዋውጠው የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ ጎረፈ፤ ኡራልም መጣ። ስድስቱም ጎማው ይነዳል፤ ሹፌሩ ካቢናው ውስጥ ተቀምጦ የጎማውን ነፋስ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። የቤንዚኑ ኡራል 375 ግን በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል።

አሁን አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ኡራል ሲመጣ የሩስያ ቃል ይዞ ወደ ጋራዣችን አልገባም ለማለት ይቻላል። ቦታው ተይዞ ነበርና። አጎቴ የሩስያውን መኪና «ካምቢዮውን አውርድ፤ ፍሪሲዮኑን እየው» እያሉ ነው የፈቱት። ለእርሳቸው እነዚህ ቃላት የጣልያን መሆናቸው ካቆመ ቆይቷል።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አጎቴ ደብረ ብርሃን ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፈቱ። እኔ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መብራት እየያዝሁ የቆምሁት እዚያ ነው። ከጦር ሜዳ ወደ ጭነት የዞረ ኡራል ይመጣል። ከጎማው ጋር የሚገናኘው የነፋስ መስመር ጎሚኒው አልቆ ያፈሳል፤ አጎቴ መስመሩን ይደፍኑና ጎማው እንደማንኛውም ጎማ በእጅ እንዲነፋ ያደርጉታል። በላተኛውን የቤንዚን ሞተር አውርደው የናፍጣ ይሰቅሉለታል። በመጨረሻ ከፋብሪካ የወጣው መኪና የትኛው፣ የአጎቴ መኪና የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

አጎቴ ዐርፈዋል። ለጥያቄያቸው መልስ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ያገኘሁትም ግጥሙን ትቼ ቃሉን ሳይ ነው። አማርኛችን መኪናን ከብረት ያበጀውንም፣ የቆመውን መኪና ያስነሣውንም በአንድ ቃል «ሠራው» ይላል። «መጠገን» የሚል ቃል አጥቶ አይደለም። ነገር ግን መኪናው ተበላሽቶበት ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው «ተሠራልህ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አያቴ የጠየቁት ስለ ፊያት ፋብሪካ ነው? ወይስ ስለ ልጃቸው እጅ? ይህን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አጎቴ ግን በቋንቋቸው እውነቱን ተናግረዋል።

እኔም እነዚያን ቃላት ከግጥሜ ላወጣቸው አልችልም። ጣርማበርን በጉልበት የወጣው ብረት ቆሞ፣ ዝጎ፣ ተፈትቶ ነበር። ያስነሡት በውርጭ ሌሊት ፍም የሚያነዱ የእኛ ልጆች ናቸው። ቃሉንም ማን ሠራው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ አጎቴ ለአያቴ የሰጡትን መልስ እሰጠዋለሁ።