የአትላንታ መስኮቶች፦ ከፓይን እንጨት እስከ ድርብ መስታወት

የጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ አትላንታ ስሟ የሚነሣው በሐምሌና በነሐሴ ወበቋ በመሆኑ፣ የቤቶቿ ታሪክ ሲጻፍ ሰፊው በረንዳና ከፍ ያለው ጣሪያ ይወሳሉ እንጂ የብርድ መከላከያው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከባሕር ጠለል በላይ 320 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ደቡብ የምትገኘው ይህች ከተማ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶቿ በአማካይ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆኑ፣ ከሰሜን ዋልታ አቅጣጫ የሚወርደው አየር ሲደርስባት ግን ብርዱ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1899 ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ተመዝግቧል፤ ጃንዋሪ 21 ቀን 1985 ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሲደርስ፣ በዲሴምበር 2022 ደግሞ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሰሞን ብርዱ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ አልፎ በብዙ ቤቶች የውኃ ቧንቧ ፈንድቷል። የአትላንታ መስኮት ለሙቀት ታስቦ ተሠርቶ በብርድ የሚፈተን ዕቃ ነው፤ ታሪኩ ሲመረመርም መስኮቱ ተነቅሎ የተጣለው አርጅቶ ከአገልግሎት ውጪ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የነዳጁ ዋጋ፣ የአናጺው ሙያና የነዋሪው ልማድ ስለ ተለወጠ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከተማዋ በ1837 የባቡር ሐዲድ መጨረሻ ሆና ተቆረቆረች፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በኖቬምበር 1864፣ የጄኔራል ሸርማን ጦር ሰፊ ክፍሏን በእሳት አጋይቶ ስለ ሄደ፣ ዛሬ ጥንታዊ የሚባሉት መኖሪያ ቤቶቿ ከሞላ ጎደል ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ጆኤል ኸርት በ1880ዎቹ ማብቂያ የኤሌክትሪክ ትራም ዘርግቶ የመሠረተው የኢንማን ፓርክ ሰፈር፣ የግራንት ፓርክና የዌስት ኤንድ ቤቶች፣ እንዲሁም በኦበርን ጎዳና በ1895 የተሠራውና ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለደበት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት የዚሁ ዘመን ውጤቶች ናቸው። የዘመኑ አናጺዎች መስኮቱን በአብዛኛው የሚሠሩት በደቡባዊው አሜሪካ ጠረፍ ሜዳዎች በሰፊው ይበቅል ከነበረው «ሎንግሊፍ ፓይን» ከተባለ ረጅም ቅጠል ያለው ዛፍ ሲሆን፣ በተለይ የሚፈልጉት በግንዱ መካከል ያለውን ቀይና ሙጫ የጠገበ እንጨት ነበር። ይህ እንጨት በጣም በዝግታ ስለሚያድግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የአበሻ ጽድ ምስጥንና ርጥበትን እንደሚቋቋም እርሱም መበስበስን ይቋቋማል። ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት 90 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን የነበረው የዚህ ዛፍ ደን ተጨፍጭፎ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አልቀረም። ስለዚህ የመቶ ዓመቱን መስኮት አውጥቶ የጣለ ባለቤት፣ ከፈረሰ ሕንፃ ተለቅሞ ካልሆነ በቀር ዛሬ በገበያ የማይገኝ እንጨት ጥሏል።

መስኮቱ ራሱ በእንግሊዝ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የተስፋፋውን ስልት የሚከተል ነው። መስታወት የተሸከሙ ሁለት ተንሸራታች ክፈፎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ በግድግዳው ላይ በተተከለው የማይንቀሳቀስ ማዕቀፍ፣ አናጺዎች ቴላዮ በሚሉት ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ይሄዳሉ። በቴላዮው ጎንና ጎን በተሰወረ ባዶ ሳጥን ውስጥ የብረት ክብደቶች በገመድ ተንጠልጥለው፣ ገመዱ በትንሽ መዘውር ላይ አልፎ ከክፈፉ ጋር ስለሚያያዝ፣ ከባዱን መስታወት ሕፃን ልጅ እንኳ በአንድ እጁ ሊያነሣው ይችላል፤ በተለቀቀበት ቦታም ጸንቶ ይቆማል። የላይኛው ክፈፍ ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ሲደረግ የሞቀው አየር ከላይ ወጥቶ የቀዘቀዘው ከታች ስለሚገባ፣ መስኮቱ ያለ ኤሌክትሪክ ቤቱን ያናፍሳል። በመካከል ሁለቱ ክፈፎች በሚገናኙበት ቦታ ያለው የነሐስ ቁልፍ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለሌባ ብቻ የተበጀ አልነበረም፤ ሲዞር ሁለቱን ክፈፎች አጥብቆ ስለሚያገናኛቸው ዋናው የንፋስ መግቢያ የሚዘጋው በእርሱ ነው። ይህ ሁሉ አካል በካቻቪቴና በመዶሻ የሚፈታ፣ የተበላሸው ለብቻው የሚለወጥ በመሆኑ፣ አሠሪው መስኮቱን ሲያሠራ ጥገናውንም አብሮ ያሰበበት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ቤቶቹ የሚሞቁት በየክፍሉ ባለ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ስለ ነበር፣ ነዋሪው መላውን ቤት ሳይሆን የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻ ያሞቅ ነበር፤ በመስኮቱ ክፍተት ላይ ጨርቅና ጋዜጣ መወተፍ፣ ወፍራም መጋረጃ መዘርጋትም የተለመደ ነበር። የባለሙያው ሥራ ግን ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ አየሩ ገና ደረቅና ለብ ያለ ሳለ ይጠናቀቃል። መጀመሪያ የሚታየው ስቱኮው ነው፤ ይህም መስታወቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው፣ ከተልባ ዘይትና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ተለውሶ የሚሠራው ማጣበቂያ ሲሆን፣ ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዝናብ ወደ እንጨቱ ያስገባል። የተሰነጠቀው ተፍቆ፣ እንጨቱ ዘይት ተቀብቶ አዲሱ ስቱኮ ይሞላበታል፤ ሽፋኑ እስኪጠና ድረስ ለቀናት ሳይነካ ከቆየ በኋላ ቀለም ሲቀባ፣ ውኃ በስንጥቁ እንዳይገባ ቀለሙ መስታወቱን በትንሹ እንዲነካ ይደረጋል። ከዚያ የመስኮቱ ደፍ ይፈተሻል፤ ዝናብ የሚያርፍበትና ከሌላው ክፍል ሁሉ አስቀድሞ የሚበሰብሰው እርሱ ነው። በመጨረሻም የተበጠሰ ገመድ ይቀየራል፤ በክፈፉ ጠርዝና በቴላዮው መካከል ስስ የነሐስ ወይም የጸጉር ጥብጣብ ተነጥፎ የንፋሱ መንገድ ይዘጋል። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 በመኖሪያ ቤት ውስጥ በእርሳስ የተሠራ ቀለም እንዳይቀባ ስለ ከለከለ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ቀለም መፋቅ አቧራው ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በ2010 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ይህን ሥራ ለክፍያ የሚሠሩ ኮንትራክተሮች በልዩ ሥልጠና እንዲመሰከርላቸው ያስገድዳል። ይህ ጥንቃቄ በጥገናው ታሪክ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም፣ ከሥራው ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ነው።

በሜይ 21 ቀን 1917 «አሮጌው አራተኛ ቀበሌ» በተባለው የከተማዋ ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ 1,900 ያህል ሕንፃዎችን አውድሞ 10,000 ያህል ሰዎችን ቤት አልባ አድርጓል፤ ከቃጠሎው በኋላ የእንጨት ጣሪያ ክዳን ተከልክሎ በየሰፈሩ ቡንጋሎው የሚባሉ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች በዙ። መስኮቶቻቸው ግን ያው ተንሸራታች ክፈፎች ነበሩ። የተፈጥሮ ጋዝ በ1930ዎቹ መግቢያ በቧንቧ ሲደርስ መላ ቤቱን ማሞቅ ተቻለ፤ በአንድ ክፍል የነበረው የንፋስ ጣጣም የቤቱ ሁሉ ሆነ። እውነተኛው ለውጥ ግን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አየር ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ነው፤ መስኮት መክፈት አስፈላጊ ስላልሆነ ቀለም ቀቢዎች ክፈፉንና ቴላዮውን አንድ ላይ ቀብተው አጣበቁት፤ ገመዱ ሲበጠስ የሚለውጠው አልተገኘም። አዳዲሶቹ የከተማ ዳር ቤቶች ደግሞ ባለ አንድ መስታወት የአሉሚኒየም መስኮት ይዘው ተሠሩ፤ አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት እጅግ በፈጠነ መጠን ስለሚያስተላልፍ፣ በብርድ ሌሊት የክፈፉ ውስጠኛ ገጽ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይቋጥራል።

የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መስኮትን የኃይል ፖሊሲ ጉዳይ አደረገው። ከጆርጂያ አገረ ገዥነት ወደ ፕሬዚዳንትነት የተሻገሩት ጂሚ ካርተር በፌብሩዋሪ 1977 ሹራብ ለብሰው ለሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ፣ የቤት ማሞቂያ ቀን ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ለመኑ፤ በ1978 የወጣው ሕግም ተደራቢ መስኮት ለሚያስገቡና ስንጥቅ ለሚደፍኑ እስከ 300 ዶላር የግብር ቅናሽ ፈቀደ። ተደራቢ መስኮት ማለት በነባሩ መስኮት ላይ ከውጭ የሚገጠም ሁለተኛ መስታወት ሲሆን፣ በመካከሉ የተያዘው አየር ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይከላከላል። ሁለቱን መስታወት በፋብሪካ አሽጎ አንድ ላይ ማያያዝ የሚለው ሐሳብ በ1865 ቶማስ ስቴትሰን በተባለ አሜሪካዊ የባለቤትነት ፈቃድ የወጣበት ጥንታዊ ፈጠራ ቢሆንም፣ በመኖሪያ ቤቶች የተስፋፋው ከዚህ ቀውስ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ሙቀትን ወደ መጣበት የሚመልስ፣ ለዓይን የማይታይ የብረት ሽፋን ተጨመረ፤ የፕላስቲክ ክፈፉም ቀለም የማይፈልግ ስለ ነበር ገበያውን ያዘ። የሙቀት ማምለጫ ልክ የሆነው ዩ-ፋክተር፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስኮቱ የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ሲሆን፣ ለአንድ መስታወት 1 ያህል፣ ለተራ ድርብ መስታወት 0.5፣ ሽፋን ላለው 0.3 ያህል ነው። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የተገጠመ ተደራቢ መስኮት ግን አሮጌውን ክፈፍ ወደ ድርቡ መስታወት እንደሚያቀርበው መዘንጋት የለበትም።

የታሸገው መስታወት ዕድሜ በማሸጊያው ዕድሜ የተወሰነ ነው። ማሸጊያው በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ሲላላ ርጥበት በሁለቱ መስታወቶች መካከል ገብቶ ከውስጥም ከውጭም ሊጠረግ የማይችል ጉም ያስቀራል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ነው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1981 ባወጣው የእንጨት መስኮት ጥገና መመሪያ ነባሩን መጠገን ከመለወጥ አስቀድሞ እንዲታሰብ የመከረው፣ አትላንታም በታሪካዊ ሰፈሮቿ መስኮት ከመለወጥ በፊት የከተማው ንድፍ ኮሚሽን የሚሰጠው የተገቢነት ማረጋገጫ እንዲገኝ የደነገገችው መልክን ለመጠበቅ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ጉዳዩ ይጠብባል፤ ለመጠገን የታሰበን ዕቃ ለመጠገን ባልታሰበ ዕቃ መተካት የዘላለም ወጪ የሚያስከትል መሆኑም ሊመዘን ይገባል።

ለአትላንታ ኢትዮጵያውያን የዚህ ታሪክ ቅርብ ምዕራፍ በክላርክስተን ይገኛል። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በዲካልብ ካውንቲ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ በ1970ዎቹ ወደ አትላንታ ለሚመላለሱ ሠራተኞች ብዙ አፓርታማዎች ተሠርተውባት ነበር፤ ነባር ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ ካርተር በማርች 1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ የሚገቡ ቤተሰቦችን የሚያሰፍሩ ድርጅቶች ባዶዎቹን ክፍሎች ተከራዩላቸው። በዚህ መንገድ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከባልካንና ከአፍሪቃ ቀንድ የመጡ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ለሌላ ነዋሪና ለርካሽ ነዳጅ ዘመን ከተሠሩ መስኮቶች ሥር ገቡ። ቤት ማሞቂያ በማይታወቅበትና ቤት ቢከደንም ጢስ በክፍተቱ በሚወጣበት አገር ያደገ ሰው፣ መስኮት የወሩን የማሞቂያ ሂሳብ ከፍ እንደሚያደርግ የሚማረው እዚህ ነው። ምጣድ ሲጣድ፣ ወጥና ቡና ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት በቀዘቀዘ መስታወት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥና፣ ካልተጠረገና የወጥ ቤቱ የአየር ማውጫ ካልበራ በግድግዳው ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ተከራይ የመስኮቱ ባለቤት ስላልሆነ የሚችለው በክፈፉ ዙሪያ ስስ ፕላስቲክ መወጠር፣ በሚከፈተው ጠርዝ ላይ የስፖንጅ ጥብጣብ ማጣበቅና ቁልፉ አጥብቆ መዘጋቱን ማረጋገጥ ነው፤ በጆርጂያ ሕግ የኪራይ ቤት የመጠገን ግዴታ የባለንብረቱ ሲሆን፣ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ቤቱ ለሰው መኖሪያ ብቁ እንዲሆን ሕጉ በግልጽ ያዝዛል። ስለዚህ የማይዘጋ ወይም የሚያፈስ መስኮት በጽሑፍ ለባለንብረቱ መገለጽ ይኖርበታል።

ቤት ገዝቶ በኢንማን ፓርክ ወይም በግራንት ፓርክ የሚኖር ባለቤት ግን ውሳኔው የራሱ ነው፤ ለዚህም የቆየው የአናጺዎች ፍተሻ ዛሬም ይሠራል። ወስፌ በደፉና በክፈፉ የታችኛ ማዕዘኖች ላይ ሲወጋ ጫፉ ጥቂት ነክቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ስቱኮ፣ ገመድና ጥብጣብ ይበቁታል። ጥቂት ከሰመጠ የተበላው ብቻ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ወይም በኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ሙጫ፣ ይሞላል። ያለ ተቃውሞ ጠልቆ ከገባና ብስባሱ ከክፈፉ አልፎ ወደ ቴላዮውና ወደ ግድግዳው ምሰሶ ከደረሰ መለወጡ ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ ግን ውኃው ከየት እንደ ገባ ካልታወቀ አዲሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ጉም የያዘው ድርብ መስታወት ክፈፉ ቀጥ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ መስታወቱ ብቻ ተለክቶ ሊተካ ይችላል፤ ክፈፉ ከተጣመመ ወይም መገጣጠሚያው ከተላቀቀ ግን መላው ይወጣል። የመኝታ ቤት መስኮት በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ፣ በእሳት ጊዜ የማምለጫ በር ስለሆነ፣ ወጪው ሳይታሰብ ከብርዱ ወቅት በፊት መላቀቅ ወይም መለወጥ አለበት።