የፎቶ ኮፒ ማሽን የሕትመት ጉድለቶች

የፎቶ ኮፒ ማሽን የሕትመት ጉድለት የሚባለው በዋናው ሰነድ ላይ የሌለ መስመር፣ ነጥብ፣ ጥላ ወይም ድብዝዝታ በቅጂው ላይ ሲታይ ነው። አንድ ወጥ መሆን የሚገባው ቀለም ፈዘዝና ደመቅ እያለ በሰንበር መልክ ሲወጣም ከነዚሁ ይመደባል። በመታወቂያ ወይም በትምህርት ማስረጃ ቅጂ ላይ አንድ መስመር ቁጥርን ወይም ፊርማን ሊሸፍን ይችላል። የጉድለቱን ቅርጽ ማንበብ ያለ አግባብ ውድ ዕቃ ከመቀየር ያድናል።

አሠራር

ቴክኖሎጂውን እ.ኤ.አ. በ1938 የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቸስተር ካርልሰን ነው። በዛሬዎቹ ማሽኖች ስካነሩ ሰነዱን ያነባል፤ ሌዘር ምስሉን በድራም ላይ ይጽፋል፤ ቶነር የተባለው የቀለም ዱቄት በምስሉ ላይ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ፊውዘር በሙቀትና በግፊት ያቀልጠዋል። ባለ ቀለም ማሽን ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቶነር ይጠቀማል።

ጉድለቱን መለየት

በመጀመሪያ ከማሽኑ ማውጫ የሙከራ ገጽ ይታተማል። የሙከራው ገጽ ንጹሕ ሆኖ ቅጂው ብቻ ከተበላሸ ችግሩ ከስካነሩ ነው፤ ሁለቱም ከተበላሹ ከማተሚያው ክፍል ነው።

* ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር፦ ሰነዱ ከላይኛው መጋቢ ሲገባ ብቻ ከታየ፣ በጠባቡ የስካነር መስታወት ላይ ቆሻሻ አለ።
* ከላይ እስከ ታች የወረደ ነጭ መስመር፦ ብዙ ጊዜ የሌዘሩን መንገድ የጋረደ አቧራ ነው።
* በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ፦ ርቀቱ ከተጎዳው ተሽከርካሪ ዕቃ ዙሪያ ጋር ይገጥማል። ዲያሜትሩ 30 ሚሊሜትር የሆነ ድራም በየ94 ሚሊሜትሩ ምልክት ይተዋል።
* አግድም የቀለም ሰንበር፦ አራቱ ቀለሞች ለየብቻ ይታተማሉ። በአንዱ ብቻ ከታየ የዚያ ቀለም ድራም ወይም የቶነር ክፍል ይመረመራል። በፋይሉ ውስጥ ያሉት የቀለም ደረጃዎች ጥቂት ከሆኑ ግን ሰንበሩ በኮምፒውተር ስክሪን ላይም ይታያል፤ ማሽኑ ጥፋት የለበትም።
* በጣት ሲነካ የሚለቅ ጽሑፍ፦ ፊውዘሩ በቂ ሙቀት አልሰጠም፣ ወይም ወረቀቱ ለተመረጠው ቅንብር ወፍራም ነው።

በቆላማ አካባቢ

ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቆቦና በራያ ሜዳ በበጋ ሙቀትና አቧራ ይበረታል። አቧራው በመስታወትና በሌዘር መንገድ ላይ ስለሚያርፍ ማሽኑን ከመንገድ ዳር በር ማራቅና ሥራ ሲያበቃ መሸፈን ይጠቅማል። ክረምት ላይ እርጥበት የሳበ ወረቀት ፈዛዛ ነጠብጣብ ስለሚያመጣ ወረቀቱ እስኪፈለግ ድረስ ከነመጠቅለያው ይቀመጣል። በሕትመት መሐል መብራት ከጠፋ ውስጥ የቀረው ወረቀት ላይ ያልቀለጠ ቶነር ስለሚኖር፣ ማሽኑ እንደገና ከመነሳቱ በፊት በጥንቃቄ ይወጣል።

ጥንቃቄ

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ ፊውዘሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። መስታወቱ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ድራም በእጅ አይነካም፤ ለፀሐይ ብርሃንም አይጋለጥም። የፈሰሰ ቶነር በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ይጸዳል።