ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው?

ስለ ግብር አዳራሽና ስለ ምግብ ቤት በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ያለፈ ሰው የክትፎ ቤቶቹን ደጅ ሳያስተውል አይቀርም። የቅቤውና የኮረሪማው መዓዛ ገና ከመንገድ ይቀበለዋል። ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ አስቀድሞ እጁን ይታጠባል። ቀጥሎ ቆጮው ይመጣል፤ ከዚያም አይቡና ጎመኑ ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ክትፎው በጣባ ይቀርባል። ጥሬውን ለወደደ ጥሬው፥ ለብ ለብ ለወደደ ለብ ለብ ያለው፥ የበሰለውን ለወደደም የበሰለው አለለት። ከሁሉ በኋላ ቡና ይጠጣል። ይህ ሁሉ በሰላም ካለቀ በኋላ ግን ጠብ ይነሣል። ጠቡ ስለ መብሉ አይደለም፤ ስለ ሒሳቡ ነው። አንዱ «በሞቴ፤ ዛሬ የኔ ነው» ይላል። ሁለተኛው የጓደኛውን እጅ ከኪሱ እንዳይገባ ይይዛል። ሦስተኛው ደግሞ እጁን ሊታጠብ የተነሣ መስሎ ከገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ደርሶ፥ ከፍሎ ተመልሶ፥ ዝም ብሎ ይስቃል።

ይህን ጠብ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ያለቀበት ሰው እንኳ «እኔ ልክፈል» ብሎ ይታገላል። ስለ ምን ይሆን? ሰው ገንዘቡን ለማዳን ሲታገል ማየት የተለመደ ነው፤ ገንዘቡን ለማውጣት ሲታገል ማየት ግን ምክንያት ያሻዋል። ዛሬ የምናገረው የዚህን ምክንያት ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከአንድ ቃል እንነሣ። ቃሉ «ግብር» ነው። ይህ ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው አገሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበሉት ታላቅ ማዕድ ነው፤ «ግብር አበሉ»፥ «ግብር ገባ» ሲባል እንደሚሰማው። ለመክፈልና ለመብላት አንድ ቃል መዋሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከማር አገር የመጣው ማር በቤተ መንግሥት ጠጅ ይሆናል፤ ከእህል አገር የመጣው እህል እንጀራ ይሆናል፤ የመጣው ሠንጋ ብርንዶ ይሆናል። በአንዱ በር ግብር ሆኖ የገባው በሌላው በር ግብር ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። «ገበሬ» የሚለውም ስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ በአዳራሹ የተበላውን ማን እንደ ከፈለው ከጥንት ጀምሮ ሲናገር ኖሯል።

የዐፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽ ዛሬ ለማየት የሚወድ ሰው በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው በአንድነት ፓርክ ውስጥ ሊጎበኘው ይችላል። በዚያ አዳራሽ ሰው የሚቀመጠው እንደ ማዕርጉ ነበር። አጋፋሪው ማን እንደሚገባ፥ መቼ እንደሚገባና ወዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ ሠራዊቱ በየተራው ይገባል። አንዱ ወገን በልቶ ሲነሣ ሌላው ይተካል። መለከቱና እምቢልታው ይነፋል፤ አዝማሪው ይዘፍናል፤ ሥጋው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከፊት ለፊት ይቀርባል፤ ተጋባዡም በራሱ ካራ ይቆርጣል። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። የዚያን ጊዜ ቅምሻ የጣዕም ነገር አልነበረም። «መርዝ ቢኖርበት እኔ እቀድማለሁ» ማለት ነበር።

በዚህ ማዕድ እንግዳው አይመርጥም፤ አይከፍልምም። የቀረበለትን ይበላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው በሌላ ቀን በጦር ሜዳ ነው። ስለዚህ ግብር ማብላት ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ሥራ ነበር። ሠራዊቱ ጌታውን የሚያይበት፥ ጌታውም ሠራዊቱን የሚያውቅበት፥ የተበደለ ቀርቦ የሚጮህበት፥ ጀግና የሚሞገስበት ሸንጎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በስተኋላ ግን ገበሬው አለ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለአምስት ቀን የቆየ ታላቅ ግብር አዘጋጅተው ነበር። የእቴጌይቱ የወጥ ቤት ዕውቀት ዛሬም የሚወሳ ነው። ጥቂት ሳይቆይ ግን ታሪካችን «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስበው ረኃብ መጣ። ከባሕር በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ማረስ ያልቻለ ገበሬ መገበር አልቻለም፤ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሺሕ ሕዝብ አለቀ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ የአዳራሹ ማዕድ የቆመው በአዳራሹ ምሰሶ ላይ ሳይሆን በበሬው ትከሻ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ ከተማው እንመለስ። ጠላና ጠጅ መሸጥ ከጥንት የታወቀ ቢሆንም፥ የተከበረ ሰው ከማያውቀው ቤት ገብቶ፥ ተቀምጦ፥ በገንዘብ እንጀራ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት ከአንድ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። ለዚህ ዋጋ መጠየቅ ውርደት ነው፤ ዋጋ መስጠትም ስድብ ነው።

ይህን ልማድ የለወጠው በአራዳ፥ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፥ በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ሆቴል ነው። ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው ይኸው ነው። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ብርቱ ጉዳት ቢያገኘውም ስሙ ከከተማው አልጠፋም። ስለዚህ ሆቴል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ አለ። ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላትን አፍሮ ሳይገባ ቀረ፤ በዚህ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በሉ፤ ከፈሉም፤ ከዚያ በኋላ መኳንንቱ በተራ በተራ እየተጋበዙ ከፍሎ መብላትን ለመዱ ይባላል። ወጉን ልብ ብሎ ለሰማው ቁም ነገሩ መብሉ ላይ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያስተምሩ የፈለጉት ሹካ አያያዝን ሳይሆን ሒሳብ መክፈልን ነበር። የመኳንንቱም አለማመድ ያስደንቃል፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሳይሆን አንዱ ለሌላው እየከፈለ ነው የለመደው። የኮልፌው ጠብ ሥሩ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሁላችን በሒሳቡ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ግብር አብይ ለመሆን እንታገላለን።

ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ወደ ከተማ ምግብ ቤት የተደረገው ጉዞ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሬስቶራንት የሚባለው ቃል አስቀድሞ የደከመ ሰውን የሚያበረታ መረቅ ስም ነበር። በ18ኛው ምዕት ዓመት በፓሪስ ይህን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች ተከፈቱ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1789 የተነሣው አብዮት መኳንንቱን በበተነ ጊዜ ደግሞ ጌቶቻቸውን ያጡ ብዙ ወጥ ቤቶች በከተማው ምግብ ቤት ከፍተው ገንዘብ ላለው ሁሉ ያበስሉ ጀመር። ወጡን ሁሉ ባንድ ጊዜ በገበታ ላይ መደርደር ቀርቶ አንድ በአንድ እያስከተሉ ማቅረብ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው፤ ሥርዐቱም ከሩስያ የመጣ ተብሎ ይጠራል። ዛሬ በታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚታየው የቅምሻ ገበታ፥ ይኸውም ወጥ ቤቱ ራሱ መርጦ ስምንት ወይም አሥር ትንንሽ ሳህን በተራ የሚልክበት ማዕድ፥ ከዚህ ሥርዐት የተወለደ ነው።

በአገራችንም ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣልያን ወረራ ካለፈ በኋላ ፓስታውና ማኪያቶው ከእኛ ጋራ ቀረ። «ልኳንዳ» የሚለው ቃል በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ሲሆን፥ እኛ ዘንድ መጥቶ ሥጋ ቤት ሆኗል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ ተወልዶ በስዊድን ያደገው፥ በኒውዮርክ ስመ ጥር የሆነው ወጥ ቤት ማርከስ ሳሙኤልሰን በአዲስ አበባ በንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ከፍቷል። የጥንቱ ወጥ ቤት ስሙ ሳይታወቅ ከጓዳ ይሠራ ነበር፤ የዛሬው ወጥ ቤት ስሙ ከደጁ ላይ ይጻፋል።

ክቡር አንባቢ፤ የቅምሻ ገበታን አዲስ የሆነ ሰው ሲያየው «ይህ ከኛ ባህል የራቀ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነውን? በግብር አዳራሽ እንግዳው አልመረጠም፤ በቅምሻ ገበታም አይመርጥም። በሁለቱም ዘንድ ራሱን ለአብሳዩ ያምናል። የመብሉ ተራ መጠበቁም ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኮልፌው ቆጮ፥ አይብና ክትፎ ምስክር ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። በቅምሻ ገበታ ሁሉም የየራሱ ሳህን አለው፤ ስለዚህ ከአንድ መሶብ እጅና እጅ አይገናኝም። ጉርሻ ቦታ ያጣል። ወይም ደግሞ መልኩን ለውጦ ይቈያል፤ ከሒሳቡ በኋላ ለአስተናጋጁ የምንተወውንም ገንዘብ «ጉርሻ» እንለው የለምን? ከአፍ ወደ እጅ ቢወርድም ቃሉ ፍቅሩን አልጣለም።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይከብዳል። በግብር አዳራሽ የመጨረሻው ጭፍራ የመጨረሻውን ተራ ጠብቆ ይበላ ነበር፤ ማዕርጉ ወንበሩን ዝቅ ያደርግበታል እንጂ ከደጅ አይመልሰውም። በምግብ ቤት ግን ማንም ሰው ከፊተኛው ወንበር ሊቀመጥ ይችላል፤ ገንዘብ የሌለው ግን ከቶ አይገባም። የፊተኛውን ሥርዐት እንመልስ የሚል የለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅና ተከታዮቹ በዓይነት ይከፈል የነበረውን ግብር በገንዘብ እየለወጡ ሄዱ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ ባላገሩ ለባለመሬቱ የሚገብርበትን ዘመን ዘጋ። ይህ መልካም ሆነ። ነገር ግን አንዱን ነውር ስንጥል ሌላውን እንዳናነሣ መጠንቀቅ ይገባናል።

ስለዚህ ከገበታ በተነሣን ጊዜ ደረሰኙን አንድ ጊዜ እንመልከተው። ከሒሳቡ በታች ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚል መሥመር አለ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ሆኖ የሚከፈል ነው። እነሆ ግብር ወደ ማዕዱ ተመልሶ መጣ። የጥንቱ ገበሬ በከፈለው መኳንንቱ ይበሉ ነበር፤ የዛሬው እንግዳ በበላ ቊጥር ለትምህርት ቤቱና ለመንገዱ ይገብራል። ይህ ገንዘብ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በመዝገብ የምንጽፈው፥ የምንቈጥረውና የምንጠብቀው ደግሞ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። አሳላፊው ከጌታው በፊት የሚቀምሰው ለታማኝነቱ ነበር፤ የእኛ ታማኝነት ግን የሚታወቀው ባለመቅመሳችን ነው።

በደረሰኙ ላይ የማይጻፍም ሒሳብ አለ። ቆጮው የሚገኝበት እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የጉራጌ እናቶች ይፍቁታል፥ በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል። ቅቤው የሌላ እናት ድካም ነው። ጣባውን አንድ ሸክላ ሠሪ አበጅታዋለች። የነዚህን ሰዎች ስም ማንም አልጠራም፤ በሒሳቡ ጠብም ላይ አልነበሩም።

በሚመጣው ቅዳሜ በኮልፌ ወይም በሌላ ሰፈር ከወዳጆችዎ ጋራ ተቀምጠው «የኔ ነው፥ የኔ ነው» መባባል በተጀመረ ጊዜ ይክፈሉ፤ ወይም ያስከፍሉ፤ ጠቡ የፍቅር ጠብ ነውና አይቅር። ከመነሣትዎ በፊት ግን ከእርስዎና ከወዳጅዎ አስቀድሞ የከፈለ ሰው እንዳለ ያስቡ።