ባዶ ነው ስለተባለው ጥልቅ ባሕር

የሰው ልጅ ስላልደረሰበት ቦታ ዝም ማለት ይቸግረዋል። አንዳንዴ ጭራቅ ይሞላበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ «እዚያ ምንም የለም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ከሁለቱ ይልቅ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው እንላለን። ጭራቅ አለ የተባለበትን ቦታ ለማየት የሚጓጓ አይጠፋም፤ ባዶ ነው የተባለውን ግን ሄዶ የሚያይ ጥቂት ነው። ይህ ነገር በጥልቁ ባሕር ላይ እንዴት እንደደረሰና ኋላም እንዴት እንደታረመ ለአንባብያን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ብሪታንያዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1841 እና በ1842 «ቢከን» በተባለች መርከብ ላይ ሆኖ፣ በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጅያን ባሕር ወለሉን በመረብ እየጫረ እንስሳትን ሰበሰበ። መረቡ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያወጣው ፍጥረት እያነሰ ሄደ። ፎርብስም ከዚህ ተነሥቶ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት አይገኝም የሚል ግምት አቀረበ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚያ ታች የፀሐይ ብርሃን የለም፤ ብርሃን ከሌለ ዕፅዋት የለም፤ ዕፅዋት ከሌለ ማን ምን ይበላል? በዚያ ላይ የውሃው ክብደት አለ፤ በየ10 ሜትሩ እኛ በምድር ላይ የምንሸከመውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመራል። ይሁን እንጂ ፎርብስ የመረመረው ባሕር በሕይወት ድኻ ከሆኑት አንዱ ነበር። አንድ ድኻ መንደር አይቶ ስለ አገሩ ሁሉ እንደ መፍረድ ነው።

ይህን ግምት ክፉኛ ካናጉት ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከቴሌግራፍ ሠራተኞች ነው። በ1860 በሳርዲኒያ ደሴትና በአልጄሪያ ጠረፍ መካከል ተዘርግቶ የነበረ የቴሌግራፍ ሽቦ ተበላሽቶ ለጥገና ተጎተተ። ከ2000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ከተኛው ክፍል ላይ ኮራልና ሌሎችም እንስሳት ተጣብቀው ወጡ። ሽቦው ላይ ያደጉ ስለነበሩ «ከላይ ስትጎትቱት የያዛቸው ይሆናል» ለማለት እንኳ አላመቸም።

ከዚያ በኋላ ግምቱ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ዘለለ። በ1868 ዝነኛው ቶማስ ሃክስሊ ከአትላንቲክ ወለል ወጥቶ በአልኮል የተቀመጠን አሮጌ ጭቃ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ዝልግልግ ነገር አገኘና ሕይወት ያለው ፍጥረት መሰለው። «ባቲቢየስ» ብሎም ሰየመው። የባሕሩን ወለል ሁሉ የሸፈነ የሕይወት መጀመሪያ ነው ያሉም ነበሩ። በታኅሣሥ 1872 ከእንግሊዝ ተነሥታ እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው «ቻሌንጀር» የተባለች መርከብ ግን ከትኩስ ጭቃ ውስጥ ይህን ዝልግልግ ብትፈልግ አጣችው። የመርከቢቱ ኬሚስት ጆን ቡካነን ነገሩን ደረሰበት፤ ለካ አልኮል ከባሕር ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚዘቅጥ የጄሶ ዘር የሆነ ጨው ኖሯል! ወሬው በ1875 ሲደርሰው ሃክስሊ አላንገራገረም፤ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ስሕተቱን ለዓለም አስታወቀ። በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ሊቃውንት ያገኙትን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውንም ለተማሪዎቻችን ብንነግር መልካም ነው።

ሐሰተኛው ዝልግልግ ቢጠፋም እውነተኞቹ ረቂቅ ነፍሳት ግን እዚያው ነበሩ። ባክቴሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወተቱን እርጎ የሚያደርገው እርሱ ነው። ፈረንሳዊው አድሪያን ሰርት በ1882 እና በ1883 «ትራቫየር» እና «ታሊስማን» የተባሉ መርከቦች ከጥልቅ ባሕር ካመጡት ውሃና ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያ ማራባት ቻለ። በ1951 ደግሞ አሜሪካዊው ክላውድ ዞቤል «ጋላቴያ» በተባለች የዴንማርክ መርከብ ላይ ሆኖ፣ በፊሊፒንስ አጠገብ ካለው የባሕር ገደል፣ ከ10000 ሜትር በላይ ጥልቀት በወጣ ጭቃ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ አገኘ።

ለመሆኑ እነዚህ ፍጥረታት እዚያ ታች ምን ይሠራሉ? ይህን ለመረዳት ስለ ካርቦን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ካርቦን ማለት የከሰል ዋና አካል ነው። ከሰል ስናነድ ካርቦኑ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። በባሕር ላይ ያሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ይህን ጋዝ በፀሐይ ኃይል ምግብ ያደርጉታል። ሲሞቱ፣ ወይም የበላቸው እንስሳ ኩስ ሲጥል፣ ቅሪቱ እንደ ብናኝ ቁልቁል ይወርዳል። ባክቴሪያ በየመንገዱ እየበላ ካርቦኑን መልሶ ይተነፍሰዋል። ከላይ የተበላው ቶሎ ወደ አየር ይመለሳል፤ ታች ደርሶ የተበላው ግን ያ ውሃ ተመልሶ እስኪወጣ ብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። እንግዲህ ቅሪቱ የሚበላበት ጥልቀትና ፍጥነት ከአየራችን ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ፍጥነቱን ያሳየው አጋጣሚ የሚያስገርም ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1968 በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ «አልቪን» የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ ጀልባ ወደ ባሕር ስትወርድ የያዟት ገመዶች ተበጠሱ። ሦስቱ ሰዎች ዘለው አመለጡ፤ ጀልባዋ ግን ምሳቸውን እንደያዘች 1500 ሜትር ገደማ ሰጠመች። ከ10 ወር በላይ ቆይታ ስትወጣ ዳቦው ከመራሱ በቀር ሥጋው፣ ፖሙና ሾርባው ያልተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ያው ምግብ በዚያው ቅዝቃዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ ግን በጥቂት ሳምንታት ተበላሸ። ሆልገር ያናሽና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነሥተው ሙከራ ሲያደርጉ፣ በጥልቁ ባሕር መበስበስ ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚዘገይ ደረሱበትና በ1971 አሳተሙ። ጥልቁ ባሕር የቆሻሻ መጣያ ይሁን ለሚሉ ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሁሉም ባሕር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነውን ቀይ ባሕርን እንውሰድ። የታላላቆቹ ውቅያኖሶች ጥልቅ ውሃ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፣ ቀይ ባሕር ግን 2000 ሜትር ታች እንኳ 21 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። በሞቀ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይፈጥናልና ከላይ የሚወርደው ምግብ ቶሎ ያልቃል፤ ወለሉ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

«ብርሃን ከሌለ ማን ምን ይበላል?» ለሚለው ጥያቄም መልስ የተገኘው በ1977 ነው። ያችው «አልቪን» በጋላፓጎስ አጠገብ 2500 ሜትር ጥልቀት ላይ ከወለሉ የሚፈልቅ ሙቅ ውሃና በዙሪያው የሰፈረ ብዙ እንስሳ አገኘች። ከእነርሱ መካከል አፍም ሆድም የሌለው ትልቅ ትል ነበረ። በ1981 ኮሊን ካቫና ትሉን የሚቀልበው በሰውነቱ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑን አስረዳች። ባክቴሪያው በፀሐይ ፋንታ ከምድር በሚወጣው የድኝ ጋዝ ኃይል ካርቦንን ምግብ ያደርጋል።

ከዚህም ሌላ በውቅያኖስ ውሃ ውስጥ የሟሟ፣ ከሕያዋን የተገኘ ወደ 660 ቢሊዮን ቶን የሚገመት ካርቦን አለ፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። በ1987 ፒተር ዊሊያምስና ኤለን ድሩፌል ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጥልቅ የተቀዳውን ሲመረምሩ ዕድሜው ወደ 6000 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ቻይናዊው ጂያኦ ኒያንዢና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳብራሩት፣ ረቂቅ ነፍሳቱ ፍሬውን በልተው ገለባውን ይተዋሉ። ማንም የማይበላው ያ ገለባ ለሺህ ዓመታት በውሃው ውስጥ ይቆያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለዓይን የማይታዩት ተባብረው ይህን ያህል ካርቦን ከአየር አርቀው ያስቀምጣሉ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። «ቻሌንጀር» በ1873 ከአትላንቲክ ወለል ድንች የሚያህሉ ጥቁር ድንጋዮች አውጥታ ነበር። ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አላቸው፤ በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉትም ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ዛሬ እነዚህን በመኪና ከወለሉ ላይ ለመሰብሰብ የሚፈልጉ አሉ፤ እዚያ የሚጎዳ ነገር የለም ማለት ያመቻቸዋል። ነገር ግን በ1989 የጀርመን ተመራማሪዎች ከፔሩ ወዲያ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ወለሉን ሆን ብለው አርሰው ነበር። በ2015፣ ከ26 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የማረሻው ፈለግ ገና አልጠፋም፤ የረቂቅ ነፍሳቱም ሥራ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። የእኛ ገበሬ ማሳውን አርሶ በክረምቱ ቡቃያ ያያል፤ እዚያ ታች ግን አንድ ፈለግ የሰውን ግማሽ ዕድሜ ሊቆይ ይችላል።

ፎርብስ «የለም» ሲል ጉዳቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ ሽቦ ተጎትቶ አረመው። ዛሬ ቃሉን የሚደግሙት ማረሻ የያዙ ናቸው። ስለዚህ ማንም ስለ አንድ ቦታ «እዚያ ምንም የለም» ሲለን ማን ወርዶ አየ፣ በምን ለካ፣ ስንት ጊዜ ቆየ ብለን እንጠይቅ። ተማሪዎቻችንም ይህን መጠየቅ ከአሁኑ ይልመዱ።