የትምህርት ቤት ጋዜጣና የመካሪው ድርሻ

የአንድን ትምህርት ቤት ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የተመሠረተበትን ዓመት፣ የክፍሎቹን ቁጥርና ለከፍተኛ ትምህርት ያበቃቸውን ተማሪዎች ብዛት ነው። ተማሪዎቹ በራሳቸው ብዕር ምን እንደ ጻፉ፣ ጽሑፋቸውን ማን እንዳረመው፣ ማንስ እንደ ከለከለው እምብዛም አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ያለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪካችን እንደሚያስረዳን፣ የወጣቶች ጽሑፍ መካሪ ሲያጣ አንድም ይሞታል፣ አንድም ስሙን ሰውሮ በጨለማ ይሄዳል። ይህን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ አካባቢ አኳያ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አርባ ምንጭ ወጣት ከተማ ናት። የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከደጋው ጨንቻ ወርዶ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ ወደ ተቆረቆረችው ወደዚች ከተማ የተዛወረው በ1950ዎቹ ነው። ዘመኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በየጠቅላይ ግዛቱ መስፋፋት የጀመረበት ነበር፤ መምህራን ግን አልበቁም። ጉድለቱን ከሞሉት መካከል ሁለት ወገኖች ይጠቀሳሉ። አንደኛዎቹ ከ1955 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ከ270 በላይ አባላት ነበሩት። ሁለተኛዎቹ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መርሐ ግብር መሠረት ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየክፍለ ሀገሩ እንዲያስተምሩ የተመደቡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

እነዚህ ተማሪዎች በግቢያቸው የጋዜጣ ልማድ ነበራቸው። አስቀድሞ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»፣ ኋላም «ስትራግል» የተባሉት ጋዜጦች የመከራከሪያ መድረካቸው ነበሩ። ከዚህ ልማድ ምን ሊፈልቅ እንደሚችል በዓሉ ግርማ ምስክር ነው። ከኢሉባቦር መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት የተማረው በዓሉ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ ኋላም የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ለመሆን በቅቷል። መሣሪያውም ቢሆን ከባድ አልነበረም። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ጥቂት ስቴንስልና ለፈተና ወረቀት የተገዛ ማባዣ ካለ የትኛውም ትምህርት ቤት ጋዜጣ ሊኖረው ይችል ነበር።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በ«ስትራግል» ላይ ወጣ። በሐሳቡ የሚስማሙትም የሚቃወሙትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለያዝነው ጉዳይ ቁም ነገሩ ግን ጸሐፊው ስሙን መጻፉ ነው፤ ስም ያለው ጽሑፍ መልስ ሊሰጠው፣ ሊተችና ሊታረም ይችላልና። በተከታዩ ወር፣ በታኅሣሥ፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም ወታደሮች ወደ ግቢው ገብተው የተማሪዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ሐሳብ ይበልጡን የሚተላለፈው ስም በሌለው በራሪ ወረቀት ሆነ። በራሪ ወረቀት መበተን ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቅ አራሚ፣ በይፋ መልስ የሚሰጥ ተቃዋሚም የለውም። አንድ ትውልድ ክርክርን በኅቡዕ ወረቀት እንዲማር ተገደደ፤ ለዚህም የተከፈለውን ዋጋ አንባቢ ያውቀዋል።

በደርግ ዘመን ደግሞ የግድግዳ ጋዜጣ ተስፋፋ፤ ዳሩ ግን የብዙዎቹ ይዘት ከላይ የወረደ መፈክር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «ሚኒ ሚዲያ» የሚባለው ክበብ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥም፣ ማስታወቂያና የጥያቄና መልስ ውድድር ያሰማል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም «ምን ሆነ? ለምን ሆነ?» ብሎ ወጥቶ ጠይቆ የሚጽፍ ተማሪ እምብዛም አይታይበትም። ከልካይ ባይኖር እንኳ፣ መካሪው ራሱ የሚጽፍበት ክበብ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይለይም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሄዝልውድ ኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ስፔክትረም» የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ሊታተም ሲል ርእሰ መምህሩ ሁለት ገጾች እንዲወጡ አዘዘ። በገጾቹ ላይ ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የሚናገሩ ጽሑፎች ነበሩ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ተፈረደ። ርእሰ መምህሩ ካቀረባቸው ምክንያቶች ሁለቱን እንመልከት። የልጃገረዶቹ ማንነት በሚገባ አልተሰወረም፤ በፍቺው ጽሑፍ የተወቀሰው ወላጅም መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ሁለቱም ጉድለቶች በአንድ ቀን የእርማት ሥራ ሊቃኑ የሚችሉ ነበሩ። መካሪ በጊዜው ቢጠይቅ ኖሮ ለመቀስም ለፍርድ ቤትም ምክንያት ባልተገኘ ነበር።

በጋሞ ምድር ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት ከጥንት አለ። ዱቡሻ የሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራ ነው። በዚያ በምርቃት ተጀምሮ፣ ተናጋሪው በተራው ተደምጦ፣ ስምምነት እስኪደረስ ይመከራል። በጥንቱ ሥርዓት ዋነኞቹ ተናጋሪዎች ወንዶች ነበሩና የዛሬው የተማሪዎች ጋዜጣ ለሴት ልጆችም እኩል ቦታ በመስጠት ከዚያ አልፎ መሄድ ይገባዋል።

የመደማመጥን ዋጋ አካባቢው በመከራም አይቶታል። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋህዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ባለቤቱ ሕዝብ በወጉ ሳይሰማ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ የደረሰው ግድያ በተሰማ ጊዜ ወጣቶች በቁጣ አርባ ምንጭ አደባባይ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። የአባቶች ሣር ቁጣን አብርዷል። ነገር ግን ወሬን ከእውነት መለየት፣ ጥፋተኛን ከጎረቤት መለየት፣ ቁጣ ከመምጣቱ በፊት በክፍል ውስጥ የሚለመድ ነገር ነው። የተማሪዎች ጋዜጣ የሚለማመዱበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ የመካሪው ሥራ ምንድን ነው? አንደኛ፣ መጠየቅ ነው። ማን ነገረህ? ራስሽ አይተሻል? የተወቀሰውስ ሰው ምን አለ? ሁለተኛ፣ ብዕሩን አለመንጠቅ ነው። ንድፍ የሚመረምር መሐንዲስ ስሕተቱን በኅዳጉ አመልክቶ ለሠራው ሰው ይመልሳል፤ ስሌቱ ሲቃና ከእርሱ ጋር ይፈርማል እንጂ ንድፉን ቀምቶ አይሠራም። ሦስተኛና ከባዱ፣ በሚገባ የተጣራ ጽሑፍ ሹምን ወይም ወላጅን ሲያስከፋ ከተማሪው አጠገብ መቆም ነው። ይህን የማያደርግ መካሪ ተማሪውን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስም መሰወርን።

የማኅበራችን አባላት በዚህ ረገድ ሩቅ ተመልካች አይደሉም። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከአገሪቱ የውኃ መሐንዲሶች ብዙዎቹን ያፈራው በዚችው ከተማ ነው። የአባያ ውኃ ስለ ምን ቀላ? ምንጮቿ አርባ ናቸው የምትባል ከተማ የቧንቧ ውኃዋን ከየት ታገኛለች? ከደጋው የሚወርደው አፈር የማን ማሳ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ከማንም ይልቅ ሊጠይቁ የሚገባቸው የአካባቢው ተማሪዎች ናቸው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ ወደ ሥራ ቦታችን ብትመጣ፣ «አለቃሽን ላኪ» ብለን አንመልሳት። ቁጥሩን እንስጣት፤ ከዚያም ቁጥሩ እውነት መሆኑን በምን እንዳረጋገጥን እናሳያት። የጻፈችውንም በስሟ ታውጣው።